ይሄ ሁሉ እንጨት ከየት መጣ?

መልእክቱ የመጣው ማክሰኞ ማታ 5 ሰዓት ከ20 ላይ ነው። የነገውን ሌሰን ፕላን ጨርሼ ልተኛ ስል ቴሌግራሜ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። ፕሮፋሉ ላይ የጽጌረዳ ፎቶ አለ። የእናት ስልክ መሆኑ ያስታውቃል። የድምፅ መልእክት ነው፤ 1 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ ይላል።

መጀመሪያ የተሰማኝ አክንባሎ ሲከደን ነው። ከዚያ ዝም አለ። ከዚያ ሹክሹክታ መጣ።

«ቲቸር፣ ይቅርታ መሽቷል። እኔ ነኝ፣ መስኮት ጋ የምቀመጠው። ስልኩ የእማዬ ነው። የዛሬው አልገባኝም። ማለቴ... ጽፌዋለሁ፤ ግን አልገባኝም። እኛ ቤት በር ላይ ጤና አዳም አለ። የዘይት ጀሪካን ተቆርጦ ነው የተተከለው። አምስተኛ ክፍል እያለሁ ትንሽዬ ነበር። አሁን ወገቤ ጋ ደርሷል፤ ግንዱ እንጨት ሆኗል። አፈሩ ግን ያው ነው። ማንም አልጨመረበትም። እና ቲቸር፣ ይሄ ሁሉ እንጨት ከየት መጣ? አፈሩን በልቶ ቢሆን ኖሮ እኮ ጀሪካኑ ባዶ ይሆን ነበር።»

መጨረሻው ላይ ከሩቅ የሴት ድምፅ «ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» ይላል። ከዚያ ተቋረጠ።

ይህን ድምፅ ስንት ጊዜ ደጋግሜ እንደሰማሁት አላውቅም። ከመጣ ወር አልፎታል፤ አሁንም ከጭንቅላቴ አልወጣም። ልጅቷ ክፍል ውስጥ ተናግራ አታውቅም። ስም ስጠራ እንኳን እጇን ብቻ ነበር የምታወጣው። ፀባየኛ፣ ዝምተኛ፣ ደብተሯ ንጹህ የሆነ ልጅ። እንዲህ ዓይነቷን ልጅ «ገብቷታል» ብሎ ማለፍ ለአስተማሪ እንዴት ቀላል እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ።

የቴሌግራም ልጅ ነኝ

እኔ ገና አስተማሪ አይደለሁም። የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ትምህርት ተማሪ ነኝ። ፕራክቲከም (የማስተማር ልምምድ) የወጣሁት አዲስ አበባ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፤ የተሰጠኝ 10ኛ ክፍል፣ አንድ ሴክሽን፣ 54 ተማሪ። በመጀመሪያው ሳምንት ያደረግኩት ነገር ቢኖር የቴሌግራም ግሩፕ መክፈት ነው።

ይህን ያደረግኩት አምኜበት ነው። ለቴሌግራም ውለታ አለብኝ። መጋቢት 2012 ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔም 10ኛ ክፍል ነበርኩ። ወንድሜ ስልኩን ማታ ማታ ይሰጠኛል። የሌሊት ጥቅል ገዝቼ እስኪነጋ ፒዲኤፍ አወርዳለሁ። አጫጭር ኖት፣ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች፣ የማላውቃቸው ሰዎች በነጻ የሚለቋቸው ማብራሪያዎች። አስጠኚ የመቅጠር አቅም ለሌለው ቤት ያ ትልቅ ነገር ነው። ማንም ቢያቃልለው አልሰማውም።

ግን አንድ ነገር ልጨምር። ጥቅምት 2015 ላይ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተወስደን፣ ስልክ ሳንይዝ፣ የ12ኛ ክፍልን ፈተና የወሰድነው ልጆች ውጤታችንን ታስታውሳላችሁ። ከተፈታኙ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። እኔ ከ3.3 በመቶው ውስጥ አልነበርኩም። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በሬሜዲያል፣ በማካካሻ ትምህርት ነው። ያኔ በፈተናው ተናደድኩ። አሁን ሳስበው፣ በእነዚያ ሌሊቶች ስልኬ ላይ የተማርኩት መልስን ነበር። «መልሱ ሲ ነው፤ ወደሚቀጥለው እንለፍ።» ጥያቄውን ራሱን አዙሬ ያየሁበት ሌሊት ትዝ አይለኝም።

ለተማሪዎቼ የከፈትኩት ግሩፕም የዚያው ልጅ ነበር። የመጽሐፉን ፒዲኤፍ ለቀቅኩ፤ ክፍል ውስጥ አንዱን መጽሐፍ ለሁለት ለሦስት ነው የሚያዩት። ስለ ፎቶሲንተሲስ፣ ዕፅዋት በብርሃን ምግባቸውን ስለሚሠሩበት መንገድ፣ የተሠራ ቆንጆ አኒሜሽን ለቀቅኩ፤ 38 ሜጋባይት። ኩዊዝ ለቀቅኩ። ከ54ቱ የገቡት 31 ናቸው። የቀሩት 23 ልጆች የት እንዳሉ አልጠየቅኩም። ከገቡትም ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው ያየው ስንት እንደሆነ አላውቅም፤ የማውቀው መልእክቱ «ታይቷል» መባሉን ነው። በኋላ ልጆቹን ስጠይቅ አንዱ ስልኬ ሞልቷል አለ፤ አንዷ ወንድሟ ዳታ እንዳታበራ እንደሚከለክላት ነገረችኝ፤ አንዱ ቪዲዮውን አንድ ቀን ዋይፋይ ባገኝ ብሎ አስቀምጦታል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚባለው ይሄ ነው። ለእኔ የወተቷ ብዛት ብቻ ነበር የሚታየኝ።

የቤት ሥራውም እንደዚያው ሆነ። «ፎቶሲንተሲስ ምንድን ነው? በራሳችሁ አባባል ጻፉ» አልኩ። 11 ደብተር ላይ አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር አገኘሁ። ጥርት ያለ እንግሊዝኛ፣ ኮማው እንኳን ያልተለወጠ። አንዱ ቻትጂፒቲን ጠይቆ ለጓደኞቹ አካፍሏል። አልተቆጣሁም። እኔም ያን ጊዜ ባገኘው ኖሮ እንደዚያው አደርግ ነበር። ችግሩ፣ 11ዱን ደብተር አርሜ ስጨርስ ስለ 11ዱ ልጆች ያወቅኩት አንድም ነገር አለመኖሩ ነው።

ይህ ሁሉ በሆነበት ሳምንት ነው ያ ድምፅ የመጣው።

ጻፍኩ፣ አጠፋሁ

መልሱን የማውቅ መስሎኝ ነበር። መጻፍ ጀመርኩ። ስድስት ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ስድስት ውሃ፣ ብርሃን፤ ከዚያ ቀስት፤ ከዚያ ግሉኮስና ስድስት ኦክሲጅን። ይህን ቀመር ከእንቅልፌ ቢቀሰቅሱኝ እጽፈዋለሁ። ልልከው ስል ጣቴ ቆመ።

ይህን እኮ ዛሬ ሰሌዳ ላይ ጽፌላታለሁ። እሷም ገልብጣዋለች። ልጅቷ የጠየቀችኝ ስለ ቀመር አይደለም። እንጨቱ ከየት መጣ ነው ያለችው። ያንን ግንድ በእጇ ስትይዘው የሚከብዳትን ነገር ማን አመጣው?

አጠፋሁት። እንደገና ጻፍኩ። «ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው» አልኩ። ያን ጊዜ አንድ ነገር አስደነገጠኝ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ እኮ አየር ነው። እንጨት ከአየር ይሠራል እያልኳት ነው። ሦስት ዓመት ባዮሎጂ ተምሬ፣ ቀመሩን መቶ ጊዜ ጽፌ፣ ይህን አንድም ቀን በዚህ ቃል ለራሴ ነግሬው አላውቅም። እውነቱን ለመናገር አላመንኩትም። ተነስቼ መስኮቱን ከፈትኩ። ጎረቤት ግቢ ያለውን ባሕር ዛፍ አየሁት። ያ ሁሉ ቁመት ከአየር?

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይሉ ነበር ቄሱ አያቴ። ያን ሌሊት ቃሉ በራሴ ላይ ደረሰ።

የቀረችኝን ዳታ ይዤ ማንበብ ጀመርኩ። የልጅቷን ጥያቄ የጠየቀ ሰው ነበር። ያን ባፕቲስት ቫን ሄልሞንት ይባላል፤ የብራስልስ ሰው። 90 ኪሎ ገደማ አፈር በምድጃ አድርቆ፣ መዝኖ፣ በትልቅ ገንቦ ውስጥ ከተተው። 2 ኪሎ ከምናምን የምትመዝን የአኻያ ችግኝ ተከለበት። አምስት ዓመት ሙሉ ውሃ ብቻ አጠጣት። ከዚያ ነቅሎ መዘናት፤ ዛፏ ወደ 77 ኪሎ ደርሳለች። አፈሩን እንደገና አድርቆ መዘነው። የጎደለው 57 ግራም ገደማ ነበር። ሥራው የታተመው ከሞተ በኋላ፣ በ1648 እ.ኤ.አ. ነው። የደረሰበት መደምደሚያ እንጨቱ ከውሃ መጣ የሚል ነበር። ግማሹን ነው ያገኘው። አየሩን አላሰበውም።

አስቡት። የመስኮቷ ልጅ ይህን ሰው አታውቀውም። እኔ የለቀቅኩትን 38 ሜጋባይት አልከፈተችም፤ የእናቷ ስልክ አይችለውም። እሷ ያየችው የቤቷን በር ነው። ከአንድ ሜጋባይት በማይበልጥ የድምፅ መልእክት የ400 ዓመት ጥያቄ ላከችልኝ።

«ደርሶኛል። ነገ እንነጋገራለን» ብቻ ብዬ ጻፍኩላት። አልተኛሁም።

ጋሼና ፕላዝማው

ጠዋት ሜንተሬን፣ በልምምዱ የሚከታተሉኝን መምህር፣ አገኘኋቸው። ጋሼ ነው የምላቸው፤ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ዓመት የቀራቸው የባዮሎጂ መምህር ናቸው። ጥያቄውን ነገርኳቸው። ሳቁ። ደስ ያላቸው ሰው የሚስቀው ዓይነት ሳቅ። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ነገር አነሱ፤ ፕላዝማን።

እኔ ፕላዝማን አልደረስኩበትም። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው፣ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት ነው። የዚያ ዘመን ተማሪዎች ሲያወሩ ግን ሰምቻለሁ።

«ትምህርቱ ጥሩ ነበር» አሉኝ ጋሼ። «ሥዕሉ፣ ሙከራው፣ እኛ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሌለው ሁሉ ይታያል። እኔ ጥግ ላይ እቆማለሁ። ቴሌቪዥኑ ‹ይህን ሥሩ› ይላል። ልጆቹ እስክሪብቶ ሳያነሱ መልሱን ይናገራል። ልጅ እጁን ያወጣል። ለማን? ፕላዝማው አያየው። እኔ ልመልስለት ስል የሚቀጥለው ክፍል ያመልጠናል።»

ከዚያ ግሩፕሽን አሳዪኝ አሉ። አሳየኋቸው። ወደ ላይ ጎተቱት። ፒዲኤፍ፣ ቪዲዮ፣ ኩዊዝ፣ ቪዲዮ፣ ማስታወቂያ። ሁሉም ከእኔ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከተማሪ የመጣው «እሺ ቲቸር» እና የአውራ ጣት ምልክት ነው። ጋሼ ምንም አላሉም። ስልኩን መለሱልኝ። እኔም ምንም ማለት አልቻልኩም። ሃያ ዓመት ቆይቼ ሌላ ፕላዝማ ተክያለሁ።

ስልኩ ከእኔ ወደ እነሱ ሲሄድ ብቻ ነበር ቴክኖሎጂ የመሰለኝ። ከእነሱ ወደ እኔ መምጣት እንደሚችል አላሰብኩም። ልጅቷ እኮ ቪዲዮ አልጎደላትም። የጎደላት 54 ልጅ ሳያያት፣ እንግሊዝኛዋ ሳይመዘን፣ የሰፈሯን ጤና አዳም ጠርታ የምትጠይቅበት ቦታ ነበር። ያንን ቦታ በእናቷ ስልክ ላይ ራሷ ፈጠረችው።

ጋሼ አንድ ነገር አስጠነቀቁኝ። «ማታ ማታ በግል አትመልሺላት። አንቺ ክፋት የለብሽም፤ አውቃለሁ። ግን ልማዱ ጥሩ አይደለም፤ ለእሷም ለአንቺም። ጥያቄው የክፍሉ ነው። ወደ ክፍሉ አምጪው።» ልክ ናቸው። አስተማሪና ተማሪ በሌሊት በግል የሚጻጻፉበት በር፣ ዓላማው መልካም ቢሆንም፣ መከፈት የለበትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለማንም ተማሪ በግል መልሼ አላውቅም።

አመዱ

ከክፍል በፊት ኮሪደር ላይ አገኘኋት። «ጥያቄሽን ለክፍሉ ልጠይቅልሽ?» አልኳት። መሬት መሬት እያየች «ድምፄን ግን አታሰሚያቸው» አለች። አላሰማም አልኳት። የማን እንደሆነም አልናገርም።

ሰሌዳው ላይ በአማርኛ ጻፍኩ። 10ኛ ክፍል የምናስተምረው በእንግሊዝኛ ነው። የዚያን ቀን ግን ጠመኔዬን ይዤ ልክ እሷ እንዳለችው ጻፍኩት፤ «ይሄ ሁሉ እንጨት ከየት መጣ?» ጀሪካኑንም ሣልኩ።

ክፍሉ ተንጫጫ። እንዲህ ሲንጫጩ ሰምቼ አላውቅም። አንዱ «ከውሃ!» አለ፤ ልክ እንደ ቫን ሄልሞንት። አንዷ «ከፀሐይ» አለች። «ከማዳበሪያ» ያለም ነበር። ከኋላ ያለው ረጅሙ ልጅ «አፈሩ ቀንሷል፤ እሱ ስላላየው ነው እንጂ» ብሎ ድርቅ አለ። አየር ያለ የለም። ቀመሩን ግን ሁሉም ደብተሩ ላይ ጽፎታል።

አየር ነው ስላቸው አላመኑኝም። ደስ አለኝ፤ እኔም ከአንድ ሌሊት በፊት አላመንኩም ነበርና። ረጅሙ ልጅ ተነሳ። «ቲቸር፣ አየር ክብደት የለውም እኮ።» ለዚህ ተዘጋጅቼ ነበር። የክፍሉን ወለል በእርምጃ ለካነው፤ 8 በ7 ሜትር ያህላል። ቁመቱን 3 ሜትር አልን። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር ወደ 900 ግራም ይመዝናል። አባዙት አልኳቸው። 150 ኪሎ ገደማ ወጣ። «አንድ ኩንታል ተኩል!» አለ አንዱ። ሁሉም ወደ ኮርኒሱ ቀና አሉ። እዚያ ላይ የተሰቀለ ነገር ያለ ይመስል።

ከዚያ ሌላ ጥያቄ ጠየቅኩ። «አንድ ሸክም እንጨት ነድዶ ሲያልቅ ምን ይተርፋል?»

ዝም ዝም ሆነ። እንጨት የሚነድበት ቤት ያላቸው እንኳን ለመናገር ያፈሩ መሰለኝ። ከመስኮቱ በኩል ቀጭን ድምፅ መጣ።

«አመድ።»

ዞር አልኩ። ቀና ብላለች። «ስንት ነው አመዱ?» አልኳት።

«ትንሽ ነው። እማዬ እንጀራ ጋግራ ስትጨርስ እኔ ነኝ የምጠርገው። አንድ ሁለት እፍኝ።» ከዚያ ቆም አለች። አፏን በእጇ ያዘች። «እሱ ነው እንዴ ቲቸር? ከአፈሩ የመጣው አመዱ ነው?»

እሱ ነው። አመዱ ዛፉ ከአፈር የወሰደው ማዕድን ነው። የደረቀ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው፤ እሱ ከአየር ገብቶ ሲነድ ወደ አየር ተመለሰ። ይህን ለማስረዳት ቪዲዮ ፈልጌ ነበር። ከአንድ እፍኝ አመድ የሚበልጥ ማስረጃ ግን አላገኘሁም። ያም የተገኘው በየቀኑ ከምድጃው ሥር ከምትጠርገው ልጅ ነው። ደወሉ ሲደወል የወጣ ሰው አልነበረም። ጋሼ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። የምዘና ቅጹ ላይ አንድም ነገር አልጻፉም። ረስተውት ነው።

እሑድ፣ ከ9 እስከ 10 ሰዓት

ግሩፑን አልዘጋሁትም። ገለበጥኩት። ቪዲዮ መለጠፍ አቆምኩ። ትምህርቱ ሲያልቅ የሰሌዳውን ፎቶ አንስቼ ብቻ እለጥፋለሁ። እሑድ ከሰዓት ከ9 እስከ 10 የድምፅ ጥያቄ ሰዓት አደረግነው። በፈለጉት ቋንቋ፣ በማንም ስልክ፣ ከሁለት ደቂቃ ያልበለጠ። ስልክ የሌላቸው አርብ ዕለት ብጣሽ ወረቀት ላይ ይጽፋሉ፤ እኔ አነበዋለሁ። እኔም የምመልሰው በድምፅ ነው።

ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ አልሆነም። በሁለተኛው እሑድ አንድ ልጅ «ክሎሮፊል» (የቅጠል አረንጓዴ ቀለም) የሚለውን ቃል ተሳስቶ ጠራው። አንዱ ድምፁን ወስዶ ለሌላ ሴክሽን ላከው። ሰኞ ጠዋት ሜዳው ላይ ያንን ቃል እየደጋገሙ ተቀበሉት። ሁለት ቀን ከትምህርት ቤት ቀረ። ጥፋቱ የእኔ ነው። የልጅ ድምፅ ምን ያህል ሊጎዳ እንደሚችል ሳላስብ ነው ማይኩን የሰጠሁት። አሁን ከግሩፑ ላይ ማስተላለፍና ማስቀመጥ እንዳይቻል ቴሌግራም ላይ ዘግቼዋለሁ። ያ ግን ግማሽ መፍትሔ ነው፤ በሌላ ስልክ መቅዳት ይቻላል። ልጁን ፈልጌ ይቅርታ ጠየቅኩት። ለክፍሉም ነገርኳቸው፤ እኔ ራሴ ያንን ቃል 9ኛ ክፍል ሆኜ እንዴት እጠራው እንደነበር። ሐሙስ መጣ። እስካሁን ግን ድምፅ ልኮ አያውቅም። በወረቀት ነው የሚጠይቀኝ። ጥያቄዎቹ ጥሩ ናቸው።

ፕራክቲከሜ ባለፈው ዓርብ አለቀ። እሑድ የመጨረሻውን ሰዓት አደረግን። 10 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ጽጌረዳዋ ብቅ አለች። 34 ሰከንድ። አክንባሎ የለም፤ ሱቅ ውስጥ ናት። ሰው ስኳር ሲጠይቅ ይሰማል።

«ቲቸር፣ ከትልቁ ጤና አዳም ቅርንጫፍ ቆርጬ ልተክል ነው። አፈሩን ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አደረቅኩት። ባለሱቁ በሚዛኑ መዘነልኝ። 2 ኪሎ ከ300 ነው። ጣሳው ሳይቆጠር። እኔ ወረቀት ይጠፋብኛል፤ አንቺ ጻፊልኝ።»

ሌሰን ፕላን የምጽፍበት ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ ቀኑን ጻፍኩ። ከሥሩ 2 ኪሎ ከ300 ብዬ አሰመርኩበት።